ጣሪያ ያዢዋ ናፔዮክ

በናሞሩ መንደር ነፋስ ሲመጣ ሴት ትነሳለች። ወንዱ ከውጭ ድንጋይ ይጭናል፣ ገመድ ያጠብቃል። ሴቲቱ ደግሞ ከውስጥ ሆና ሁለት እጇን ወደ ላይ ትዘረጋና የጎጆዋን ቅስት እንጨት ጨብጣ ትንጠለጠላለች፤ በክብደቷ ቤቷን መሬት ላይ ታስቀራለች። ቤቱን የሠራችው እሷ ስለሆነች መያዙም የእሷ ፈንታ ነው። ከኩላል ተራራ ቁልቁል ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርደው ነፋስ ፍየል ያንከባልላል፣ ሊደርቅ የተሰቀለ ዓሣ ከነገመዱ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ቁጭ ብላ የተገኘች ሴት ስሟ ዓመቱን ሙሉ ሲነሳ ይከርማል።

ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ ናፔዮክን የሚያህል ጣሪያ ያዥ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ረዥም ናት፣ ክንዷ የወንድ ክንድ ያሳፍራል። ከሠራቻቸው ቤቶች አንዱም በርሮባት አያውቅም። ጎረቤቶቿ ሲያረግዙ ወይም ሲታመሙ "ነይልን፣ ተራራው ዛሬ ተነሥቶበታል" ብለው የሚልኩት ወደ እሷ ነው። አዋላጅም ናት። ሙያውን ከእናቷ ወረሰችው፤ ኋላ ጤና ጣቢያው አሠልጥኖ ሰማያዊ ሻንጣ ሰጣት። በሻንጣዋም በክንዷም ትኮራ ነበር። ይህ ኩራቷ ነው በኋላ ጉድ ያፈላው፤ ስለዚህ ካሁኑ ብናገረው ይሻላል።

ከአምስት ዓመት በፊት ምጥ የጠናባት አንዲት ሴት በአውሮፕላን ወደ ማርሳቢት ሆስፒታል ስትወሰድ ናፔዮክ አብራ ተሳፈረች። አውሮፕላኗ በሽተኛ የምታመላልስ፣ ዘጠኝ ሰው እንኳ በግድ የምትይዝ ትንሽ ነገር ናት። አብራሪው ሙቲንዳ ከካምባ አገር የመጣ፣ ኪሱ ኦቾሎኒ የማይለየው ቀጭን ሰው ነው። ቀበቶዋን በእጁ አሰረላትና "እማማ፣ ይህን እንዳትፈቺው" አላት። "እሺ" አለችው። ሰው ቀበቶ አትፍታ ሲባል እሺ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም።

ተነሥተው ተራራው ጥግ እንደደረሱ አውሮፕላኗ ትናጥ ጀመር። ናፔዮክ የሠላሳ ዓመት ልማዷን አደረገች። ቀበቶዋን ፈታ ብድግ አለች፤ ሁለት እጇን ወደ ጣሪያው ሰድዳ ጨበጠችና ነርሱ ላይ ጮኸች።

"ያዝ! ያዝ እንጂ! ምን ይጎልትሃል!"

"ተቀመጪ! ኧረ በፈጣሪ ተቀመጪ!" አለ ነርሱ ጋልጋሎ።

"ቤት እየሄደ ነው እኔ የምቀመጠው?"

አውሮፕላኗ ድንገት ዝቅ አለች። ናፔዮክ ግን አብራት ዝቅ አላለችም። አናቷ ከጣሪያው ተላተመ፤ ከዚያ ወርዳ ጋልጋሎ ጭን ላይ ተዘረጋች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ፣ የግሉኮሱ ቱቦም ከምጠኛዋ ክንድ ተነቀለ። ደግነቱ ሴትዮዋ በሰላም ወለደች፣ ልጇም ዛሬ ፍየል ያባርራል።

ናፔዮክ እጇ በጄሶ ተጠቅልሎ ተመለሰች። መንደሩ ከቧት "ምን ሆንሽ?" ሲላት "ቀበቶዬን ፈትቼ ነው" ማለት ትችል ነበር። አራት ቃል እንኳ አይሞላም። እሷ ግን ጣሪያ ያዢዋ ናፔዮክ ናት፤ አፏ እንቢ አለ።

"ይዤው ነበር" አለች። "በሁለት እጄ ይዤው ነበር፤ አልያዝ አለኝ። ወርውሮ ጣለኝ።"

መንደሩ ይህን ሰማ። ናፔዮክን ወርውሮ የጣለ ነገር ላይ ማን ይወጣል? ጋልጋሎ ቀበቶዋን መፍታቷን ቢናገርም የሰማው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሴት አውሮፕላን ስታይ ፊቷን ታዞር ጀመር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አሴኮን ምጥ ያዛት። አሴኮን የናዎይ የበኩር ልጅ ናት። ናዎይ ደግሞ ከናፔዮክ ጋር አብራ ያደገች፣ አብራ ዘንባባ የቆረጠች ባልንጀራዋ ናት። ልጁ ተጋድሞ አልወጣ አለ። ጋልጋሎ ደወለ፣ ሙቲንዳ መጣ፣ አውሮፕላኗም ከመንደሩ ዳር አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ጠበቀች። አሴኮን ግን የቤቷን ምሰሶ አቅፋ አልለቅም አለች።

"ናፔዮክን የጣለ እኔን ሊምረኝ ነው?" አለች። "በመኪና ውሰዱኝ።"

ናዎይ ወደ ናፔዮክ ዞረች። "አንቺ ወጥተሽበታል። ምን ትያለሽ?"

ናፔዮክ የግራ እጇን አንጓ አሸት አሸት አደረገች። ምንም አላለችም።

አሴኮንን በጭነት መኪና ጫኗት። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ በአራተኛው ሰዓት ከነልጇ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ናዎይ ለናፔዮክ ሰላምታ ነፈገቻት። ምንጭ ዳር ቢገናኙ ጀሪካኗን አንሥታ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ብትሰድባት ይሻል ነበር፤ ስድብ መልስ ይሰጡታል። ናፔዮክ እህል አልዋጥ አላት፤ አንጀቷ ውስጥ የገባው ነገር ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ሐዘንማ ከሰው ጋር ይካፈሉታል። በአሥረኛው ቀን ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ሄዳ ቁጭ አለች።

ሙቲንዳ የክትባት መድኃኒት ይዞ ሲመጣ እዚያው አገኛት።

"እማማ፣ ታመምሽ እንዴ?"

"ለምንድን ነው የሚናጠው?" አለችው።

"ምኑ?"

"ይኸ ያንተ ነገር። ለምን እንደሚናጥ ሳትነግረኝ አትሄድም። ጎማው ሥር እተኛለሁ።"

ሙቲንዳ ሳቀ፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። ኦቾሎኒ ዘገነላት፣ እሷም ተቀበለችው፤ ኦቾሎኒ መብላት መታረቅ አይደለም። "አየር ወንዝ ማለት ነው" አላት። "አይታይም እንጂ ይፈሳል። ድንጋይ ሲያገኝ ይዘለዋል፣ ከድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ይንከባለላል። ኩላል ትልቅ ድንጋይ ነው። እኛ ከጀርባው ነን።"

"ሐሰት ብትነግረኝ አውቅሃለሁ።"

"ሐሰት ከሆነ አንቺው ፈትሺው።"

ፈተሸችው። የሰው ቃል ብቻ አምና የምትኖር ሴት አይደለችም። በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ሲበረታ አመድ በእፍኟ ይዛ ነፋሱ በሚመታው በኩል ከቤቷ ፊት ቆመችና ለቀቀችው፤ አመዱ በጣሪያው ላይ ቀጥ ብሎ አለፈ። ከቤቷ ጀርባ ሄዳ ለቀቀችው፤ አመዱ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ዞረና ተመልሶ ፊቷ ላይ ተደፋባት። ዓይኗን እያሸች ሳቀች። ከአሴኮን ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ አፈረችበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሯን ወደ ጀርባ ስትሠራ አቧራ ለምን እየዞረ እንደሚገባባት ሳትጠይቅ ኖራለች።

በሌላ ጊዜ ሙቲንዳን ሌላ ነገር ጠየቀችው። "እሺ፣ ተንከባለለ እንበል። ታዲያ ማን ነው የሚይዛት? ጣሪያውን የሚይዝ የለም፣ ድንጋይ የጫነባት የለም፣ በገመድ አልታሰረች።"

"አየሩ ነዋ የሚይዛት።"

"ነፋስ ቤት ሊወስድ ነው የሚመጣው እንጂ ሊይዝ አይመጣም።"

"ቤትሽ መሬት ላይ ስለተተከለ ነው የሚጣላው" አለ ሙቲንዳ። "ሐይቁ ውስጥ የተተከለ እንጨትና ታንኳ አንድ ናቸው?"

ናፔዮክ ወደ ዳርቻው ወርዳ ዓሣ አጥማጆቹን ስታይ ዋለች። እንጨቱን ማዕበሉ ይመታዋል፣ ያርገፈግፈዋል፣ አንዳንዱንም ይሰብረዋል። ከዘንባባ ግንድ የታሰረችው ታንኳ ግን ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ላይዋ የቆመው ሰውዬ ይሳደባል፣ ታንኳዋ ግን ምንም አትሆንም። ግንዶቹን የሚያያይዘው ገመድ ላላ ብሎ የታሰረ ነው፤ እያንዳንዱ ግንድ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ይህንንስ እሷም ታውቀዋለች። የጎጆ ቅስት እንጨት ደርቆ ድርቅ ሲል ይሰበራል፣ እርጥቡ ግን ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል።

በሚቀጥለው ወር ሙቲንዳን ክንፉ ሥር አቁማ "ይኼ ይተጣጠፋል ወይስ ድርቅ ያለ ነው?" አለችው።

"ጫፉን ወደ ላይ ግፊው።"

ገፋችው። እጇ ላይ እሺ አላት፣ ለቀቀችው፣ ተመለሰ። ናፔዮክ ክንፉን መታ መታ አደረገችው። "ይኼንን የሠራው ሰው ቤት መሥራት ያውቃል" አለች።

አንዱን ጥያቄ ግን ለመጠየቅ ሦስት ወር ፈጀባት። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ጠየቀችው።

"ያን ቀን፣ ዝቅ ስንል፣ ምን ያህል ወደቅን? ከሰማይ እስከ ሐይቁ መስሎኝ ነበር።"

"ከፍታ የሚቆጥርልኝ መሣሪያ አለኝ" አላት ሙቲንዳ ቀስ ብሎ። "የዚያን ቀን ዓይቼዋለሁ። የሁለት ዘንባባ ቁመት ያህል ነው። አውሮፕላኗ ያን ያህል ዝቅ አለች። ቀበቶ ያሰረ አብሯት ዝቅ አለ፣ ተመልሶም አብሯት ወጣ። አንቺ ደግሞ..."

"እኔ ቆሜ ነበር" አለች ናፔዮክ።

"አዎ እማማ።"

"አልጣለኝም ማለት ነው። እሷ ስትወርድ እኔ ቀረሁ።"

ሰው የሚያውቀውን ነገር ከገዛ አፉ ሲሰማው እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሳምንቱ ምንጭ ዳር፣ ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ጀሪካኗን አስቀምጣ ተናገረች። ነገሩን አላለባበሰችውም። "አውሮፕላኗ አልጣለችኝም። ቀበቶዬን ፈትቼ የቆምኩት እኔ ነኝ። ዋሸኋችሁ፤ አሴኮን ስትጠይቅም ዝም አልኩ።"

ከሴቶቹ አንዷ "ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?" አለች። ናዎይ ግን ጀሪካኗን ተሸክማ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ሄደች። ውኃው ግማሽ ብቻ ነበር።

ናፔዮክ ይቅርታ አልጠበቀችም፤ የምትሠራው ሌላ ነገር ነበራት። በአውሮፕላኑ ማረፊያ ዳር የጎጆ ቅስት እንጨቶች ብቻ፣ ምንጣፍ ያልለበሱ፣ ተከለች። ውስጡ ሁለት ረድፍ ድንጋይ አደረገችና በየድንጋዩ ላይ የዘንባባ ገመድ አሰረች። ነፋስ በሚነሣበት ጠዋት እርጉዞቹን ጠርታ እያንዳንዷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ወገቧን ታስርና ራሷ ቅስቱን ይዛ ታርገፈግፈዋለች።

"እጅ ወደ ታች! እጅ ጭን ላይ! ማን ነሽ አንቺ እጅሽን ያነሣሽ?"

ወንዶቹ ሳቁባት። "ናፔዮክ ለፍየሎቿ አውሮፕላን ሠራች" አሉ። አንድ ሽማግሌ "ትኬቱ ስንት ነው?" እያለ በየቀኑ ያልፋል። እሷም "ላንተ በነፃ፣ መመለሻ ግን የለውም" ትለዋለች። ሴቶቹ በጨዋታ መጡ፣ በጨዋታ ታሰሩ፣ በጨዋታ ሄዱ። ስታርገፈግፈው እጃቸው በራሱ ወደ ላይ ይነሣል፤ የእናት የአያት ልማድ በሁለት ጠዋት አይለቅም። ናፔዮክ ራሷ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እጇን አንሥታ ተይዛለች። ሙቲንዳም አንድ ቀን እስከ ማርሳቢት ይዟት ሄደ፣ መለሳት፤ እሷም ቁጭ ብላ ሄደች፣ ቁጭ ብላ ተመለሰች።

"በእኩለ ቀን ነው የሄድሽው" አሏት ሴቶቹ። "ነፋሱ በተኛበት ሰዓት። እሱንማ ፍየልም ይበርራል።"

እውነታቸውን ነበር። የኩላል ነፋስ ከምሽት እስከ ረፋድ ይነፍሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ያርፋል። በነፋሱ ሰዓት በጤናዋ ተሳፍራ የተመለሰች የመንደሩ ሴት ከእሷ በቀር አልነበረችም፤ እሷም ተሰብራ ነበር የተመለሰችው።

እንግዲህ የማይቀረው ቀን መጣ። የናፔዮክ አንድያ ልጅ አሮት፣ ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ በሄደበት፣ ምጥ ያዛት። ናፔዮክ በእጇ ዳሰሰች። ራስ መሆን የነበረበት ቦታ ክንድ አገኘች። ፊቷን ለልጇ አላሳየችም።

"ደውል" አለችው ለጋልጋሎ።

ሙቲንዳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሲያርፍ አውሮፕላኗ በአንድ ጎኗ እየሄደች ነበር የወረደችው። ወርዶ የነፋስ ማሳያውን ጨርቅ አየ፤ ጨርቁ እንደ እንጨት ተገትሯል። መንደሩ ሁሉ ወጥቷል።

"እስከ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ይቻላል?" አለ።

"አይቻልም" አለ ጋልጋሎ። "ሁለት ሰዓት ብሰጣት ነው።"

ሙቲንዳ ናፔዮክን ወደ ጎን ወሰዳት። ዛሬ ኦቾሎኒም አልዘገነላት፣ ቀልድም አልቀለደ። "እማማ፣ አልዋሽሽም። በሐይቁ በኩል ዞሬ ከፍ እላለሁ፤ ከተራራው ጀርባ ግን አሥር ደቂቃ ያህል ትናጣለች፣ ክፉኛ። አውሮፕላኗ ትችለዋለች፣ ባትችለው እኔም አልነሣም። ቀበቶውን የሚፈታ ሰው ከተነሣብኝ ግን..."

"ማንም አይፈታም" አለች።

አሮት በቃሬዛ ላይ ሆና ስትመጣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ናዎይ ገባች። ሦስት ዓመት ለናፔዮክ ቃል ያልተነፈሰች ሴት ፊት ለፊቷ መጥታ ቆመች።

"የእኔን ልጅ ዝም ብለሽ ሸኘሻት" አለች። "የአንቺንስ?"

"በዚህች ነው የምትሄደው።"

"በዚህ ነፋስ?"

"በዚህ ነፋስ።"

ናዎይ ተራራውን አየች፣ የተገተረውን ጨርቅ አየች። "እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ" አለች። "አንቺን አላምንሽም። በዓይኔ ካላየሁ አላምንሽም።"

ጋልጋሎ ሊከለክላት አፉን ሲከፍት ናፔዮክ ቀደመችው። "ትምጣ። ባዶ ወንበር አለ።"

ሙቲንዳ ናዎይን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ መዘናትና "ግቢ" አላት።

ናፔዮክ የልጇን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ሳበች፣ የራሷን አሰረች፣ ቀጥሎ ናዎይ ላይ ጎንበስ ብላ የእሷን አሰረች። ናዎይ እጇን አላነሣችም፣ ፊቷን ግን አዞረች። ተነሡ። ሐይቁ ላይ መንገዱ ለስላሳ ነበር። ናፔዮክ አፏን ወደ አሮት ጆሮ አስጠጋች።

"ስሚኝ። አሁን ደህና ነው። ወደ ተራራው ስንዞር መጀመሪያ እንደ ጭነት መኪና ያንገጫግጨናል። ከዚያ ዝቅ ያደርገናል፣ ሆድሽ ወደ አፍሽ ይመጣል። ከዚያ መልሶ ያነሣናል። ዝቅ ሲል መውደቅ አይደለም። ታንኳ ከማዕበል ጫፍ ሲወርድ ማለት ነው።"

"እሺ እናቴ" አለች አሮት፤ ከንፈሯ ግን አመድ ለብሷል።

ዞሩ። አውሮፕላኗ መንገጫገጭ ጀመረች። ከዚያ ወደ ግራ ተወረወረች፣ ወደ ቀኝ ተወረወረች፣ ታች ወረደች። የጋልጋሎ ሣጥን ከመረቡ ሥር ተንኳኳ። በናፔዮክ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። አመዱን፣ ታንኳውን፣ ክንፉን፣ የሁለት ዘንባባውን ቁመት ሁሉ ታውቃለች፤ ማወቅ ግን ፍርሃቷን አልወሰደላትም። 

ያኔ አሮት ጮኸች።

"እናቴ! ጣሪያውን ያዢልኝ! ጣሪያውን ያዢልኝ እናቴ!"

አሮት ሕፃን ሳለች በነፋስ ጊዜ ከእናቷ እግር ሥር ተኝታ፣ ወደ ላይ እየተመለከተች የምትለው ይህንን ነበር። ናፔዮክም ሁልጊዜ "ይዤዋለሁ፣ ተኚ" ነበር የምትላት። አሁን ቀኝ እጇ በራሱ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ደረሰ። አየችው። የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ወደ ታች አወረደችውና በልጇ ደረት ላይ ጫነችው።

"አልይዝም" አለች። "የሚያዝ የለውም። አየሩ ይዞናል፣ እኔ አንቺን ይዣለሁ። እይኝ። እኔን ብቻ እይ።"

በግራ በኩል የብረት ድምፅ ሰማች። የናዎይ ጣቶች ቀበቶው መክፈቻ ላይ ነበሩ፤ ዓይኖቿ ጣሪያው ላይ ተሰክተዋል፣ ግማሽ ተነሥታለች። ናፔዮክ የተሰበረውን፣ ጠማማ ሆኖ የተጠገነውን ግራ እጇን ሰድዳ የናዎይን ጣቶች ከነመክፈቻው ጨፍልቃ ያዘች።

"ልቀቂኝ! ቤቱ ሊሄድ ነው!"

"ቤት አይደለም! ናዎይ፣ ቤት አይደለም! ክንፉን እይው፣ እይው እንዴት እንደሚታጠፍ! ቁጭ በይ!"

አውሮፕላኗ እንደገና ወረደች፤ ካለፈው የባሰ ነበር። የሁለቱም ሴቶች እግር ከወለሉ፣ የአሮትም ጀርባ ከቃሬዛው ተነሣ፤ ቀበቶው ወገባቸው ላይ ጠለቀ፣ ያዛቸው፣ መልሶ አስቀመጣቸው። የናፔዮክ አንጓ በአሮጌው ስብራት በኩል ጠዘጠዛት፤ አለቀቀችም። በአንድ እጇ ልጇን፣ በአንድ እጇ የናዎይን እጅ ይዛ፣ ጣሪያው ራሱን ችሎ እንዲኖር ትታው ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን መቀመጥ ከብዷት አያውቅም።

ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ተራራው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

"የልጁ ልብ ይመታል" አለ ጋልጋሎ ከሆዷ ጆሮውን ሳያነሣ። ሙቲንዳ ከፊት ሆኖ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ መዳፉ ላይ ሦስት ኦቾሎኒ ነበር። የወሰደ ሰው አልነበረም።

ማርሳቢት ሆስፒታል ሲደርሱ አሮትን ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ። አንድ ሰው በላስቲክ ኩባያ የወተት ሻይ ሰጣቸው፤ ሻዩ ሳይጠጣ ስልባቦት አበጀ። ከረጅም ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ አለች።

"ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩአታላችሁ።"

ናፔዮክ ጭንቅላቷን በእጆቿ ይዛ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ማን አየኝ አላለችም። ናዎይ ጠበቀቻት። ለቅሶው ሲበርድላት ተናገረች፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል።

"አሥር ደቂቃ ነበር?"

"አሥር ደቂቃ ያህል።"

"ያ ብቻ?"

"ያ ብቻ ነው ናዎይ።"

ናዎይ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠችው። "አሴኮን ይኼንን ትችለው ነበር" አለች። "አዞ ባለበት ዳርቻ ብቻዋን የምትዋኝ ልጅ ነበረች። ትችለው ነበር።"

ናፔዮክ የምትለው ብዙ ነገር መጣላት፤ ሁሉንም ዋጠችው። "ትችለው ነበር" አለች። "ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ናዎይ ይቅርም አላለቻትም፣ አልረገመቻትም። ኮሪደሩ ውስጥ ሰዎች ይመላለሳሉ፣ አንድ ሕፃን አንድ ክፍል ውስጥ ያለቅሳል። ብዙ ቆይታ ናዎይ ከአግዳሚው ተነሣች፤ በመካከላቸው በነበረው ቦታ ላይ፣ ከናፔዮክ አጠገብ ተቀመጠች። ከትከሻዋ ላይ ኩታዋን አወረደችና በናፔዮክ ጭን ላይ አኖረችው።

"የታናሿ ልጄ ሆድ ስድስት ወር ገብቷል" አለች። "ያ ቀበቶ እንዴት ነበር የታሰረው? አሳዪኝ።"

"ስንመለስ እኔው አሳያታለሁ..."

"አንቺን አያምኑሽም" አለች ናዎይ። "እኔን ያምኑኛል። አሳዪኝ ነው የምልሽ።"

ናፔዮክ ኩታውን ወሰደች። በናዎይ ወገብ ዙሪያ አዞረችው፣ ከዳሌዋ ዝቅ አድርጋ ሳበችው፣ አጠበቀችው።

"እዚህ ጋ ነው" አለቻት። "ሆዱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ። እጅሽን ደግሞ ጭንሽ ላይ።"

ናዎይ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።